በስልክ የመጡ ሽማግሌዎች

በእኛ አገር «ስልክ ያበላሻት ልጅ» ሲባል ሰው የሚያስበው እኔን ነው። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት እናት ልጇን ስትቆጣ «እንደዚያች እንደ ሽማግሌ አባራሪዋ ልትሆኝ ነው?» ስትል ሰማሁ። ስልክ ቻርጅ የማደርግበት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ነው ይህን የምትለው። እኔ መሆኔን አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኋት። ስልኳ ሞልቶ ስለነበር ነቅዬ ሰጠኋት። «እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ፣ ጨዋ ነሽ» ብላኝ ሄደች።

ይህን የምጽፈው ስሜን ለማጠብ አይደለም። ታሪኩን የሚያወራው ሰው ሁሉ ከራሱ እየጨመረ አሁን ሽማግሌዎቹን በዱላ አባረረቻቸው እስከመባል ደርሷል። ዱላ አልያዝሁም። የያዝሁት ስልክ ነው። ስለዚህ እኔው ራሴ ልናገረው።

ዓይን አፋር ነኝ። ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ ጎተራ ኋላ እደበቅ ነበር። ትምህርት ቤት መምህሩ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁት እቆማለሁ፤ ጫማዬን አያለሁ፤ ክፍሉ ይስቃል፤ እቀመጣለሁ። ስምንተኛን ስጨርስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ስለነበር ቤት መከራየት ያስፈልግ ነበር። አባቴ «ማን አብሯት ይቀመጣል?» አለ። «ብቻዬን እችላለሁ» የሚለውን ቃል በልቤ ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ። በልብ የተባለውን ግን ማን ይሰማል? ትምህርቴ እዚያ ላይ ቆመ።

አባቴ በጉልምስናው ዘመን አዲስ አበባ ያለ ወንድሙን ድምፅ ለመስማት ከጉና ሥር ተነሥቶ ደብረ ታቦር ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር። ስልክ ቤቱ ደጅ ይሰለፋል። «መስመር የለም» ይባላል። ዘመድ ቤት አድሮ ይመለሳል። ስሙ ሲጠራ ጠባቧ ሳጥን ውስጥ ይገባና «ደኅና ነህ? እኛ ደኅና ነን። እናታችን ደኅና ናት» ብሎ ይወጣል። «ሌላም የምለው ነበረኝ» ይላል እስካሁን፣ «ግን ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ እንዴት ብዬ?» እንግዲህ ዓይን አፋርነቱን ከማን እንደወረስሁት ይታወቃል።

ሞባይል ወደ እኛ ሲመጣ ስልኩ ከኔትወርኩ ቀድሞ ነው የመጣው። ሰዉ ስልክ ገዝቶ እንደ ባትሪ ያበራበት ነበር። ኋላ አንድ ሰው በግ ሲፈልግ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ወጣና ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸበት። ከዚያ ወዲያ ያ ቋጥኝ «ሀሎ ድንጋይ» ተባለ። ልጁ ሰሊጥ አጨዳ ቆላ የወረደበት፣ በሬ የሚሸጥ፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ ሁሉም እዚያ ወጥቶ ይጮኻል። ነፋሱ ደግሞ ወደ መንደሩ ነው የሚነፍሰው። የሰው ገመና ከሀሎ ድንጋይ ለሁሉ ይታደል ነበር። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከታች ሆነው «አንተ! እንዲህ ከጮኽህማ ያለ ስልኩም ይሰማሃል፤ ካርድህን አታቃጥል!» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔ እዚያ ድንጋይ ላይ አንድም ቀን አልወጣሁም። ከምወጣ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የስልክ ማማው ተተከለ። ከእኛ በላይ ባለው ጎጥ ተረተር ላይ ነው። መኪና ስለማይደርስ ብረቱን በበቅሎና በትከሻ ያወጡት የእኛው ሰዎች ናቸው፤ አባቴም ተሸክሟል። ሲመረቅ ከዞን የመጣ ሹም ንግግር አደረገ። ገበሬው ቤቱ ሆኖ የገበያ ዋጋ ያውቃል፣ ወላድ አምቡላንስ ትጠራለች፣ የራቀ ይቀርባል አለ። አጨበጨብን። እውነቱን ነው፣ ብዙው ሆኗል። ዛሬ ደብረ ታቦር የባጃጅ ሒሳብ ሳይቀር በስልክ ይከፈላል፤ ካርድ መፋቅ እየቀረ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ልጆች በስልካቸው ሲማሩ አይቻለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ኔትወርኩ ለወራት ይጠፋል፤ ያኔ አገሩ ደንቆሮ ይሆናል። ያ ሹም ግን ይህ ብረት አንዲት ልጅ እምቢ እንድትል ይረዳል አላለም። እኔም ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

ቤታችን ዐቀበቱ እጥፋት ውስጥ ስለሆነ ማማው አያየንም። ኔትወርክ የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከበሩ መቃን ግራ በኩል። አባቴ እዚያ ላይ ምስማር መታ። እናቴ ከአሮጌ ቀሚሷ ትንሽ ከረጢት ሰፋች። ስልኩ እዚያ ተሰቅሎ ይኖራል። ከምስማሩ ካነሡት ይቋረጣል፤ ስለዚህ ላውድ ተደርጎ፣ ፊት ለፊቱ ተቁሞ ነው የሚነጋገሩት። ቤተሰቡ ሁሉ፣ ጎረቤትም ካለ ጎረቤቱ፣ ይሰማል። አባቴ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ሲደውል ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ጎንበስ ይላል።

«ያየሃል መስሎህ ነው?» ትለዋለች እናቴ።

«እሱ ባያየኝ እግዜር ያየኛል» ይላታል።

ማንበብ የምችል እኔ ስለነበርሁ ካርድ የምሞላው፣ ቁጥር የምመታው እኔ ሆንሁ። የጎረቤት ሴቶች ይመጣሉ። ልጃቸው ጋ ደውዬ ተናገሩ ስላቸው «አንች ተናገሪልኝ፣ እኔ ድምፁን ስሰማ እንባ ይቀድመኛል» ይሉኛል። መጀመሪያ ፈራሁ። ምስማሩ ግድግዳው ላይ ነው፣ ስለዚህ ሲናገሩ ፊት ወደ ግድግዳው ነው፣ ጀርባ ወደ ሰው። ያ አዳነኝ። ማንም ዓይኔን አያይም፤ የማንንም ዓይን አላይም። «እናትህ ደኅና ናቸው፣ ላሟ ወልዳለች፣ ለምን ዝም አልህ ይሉሃል» አልሁ፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እናቴ ከኋላዬ «እሰይ! ለካ ምላስ አለሽ!» አለች።

ቀጥሎ ደብረ ታቦር ያለችው አክስቴ ትንሽ ሶላር ላከችልኝ። የገበያ ቀን ጠረጴዛ አውጥቼ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ጀመርሁ። ስልኮቹ እንዳይቀያየሩ በየአንዳንዱ ላይ ክር አስራለሁ፤ ለባለቤቱም የክሩን ቁራጭ እሰጠዋለሁ። ሥራ ፈት ጎረምሶች «ስልክ ታጠባለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንዱማ «ሞግዚቷ፣ የኔዋ አልቅሳለች ወይ?» ብሎ ሊያናግረኝ ይሞክራል። አልመልስለትም። ካርድም እሸጥ ነበር። ኋላ ለራሴ ትንሽ ስልክ ገዛሁና መታወቂያ አውጥቼ ሲም ካርድ አስመዘገብሁ። በሕይወቴ በስሜ የተመዘገበ የመጀመሪያው ንብረቴ ያ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የመጡብኝ በዚህ መሃል ነው።

ከወንዝ ማዶ ያለ ቤተሰብ ገበያ ላይ አይቶኛል። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ስልኩን ሁለት ሦስቴ ሰክቼለታለሁ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክሩን መልሶ ሲሰጠኝ እንኳ መሬት መሬት ያያል። አባቱ ግን ጠጅ ቤት ተቀምጠው «የኔ ምራት ገበያ መሃል ጠረጴዛ ይዛ አትቀመጥም። ስልክስ ለሴት ምኗ ነው? ከማን ጋር ልታወራበት?» ማለታቸውን ሰው ነግሮናል። እዚያ ቤት ከገባሁ ጠረጴዛውም ቁጥሩም ይቀራሉ ማለት ነው። ያቺ ግድግዳው ጋ ያገኘኋት ድምፅም ትቀራለች። ከሁሉ የፈራሁት ይህን ነው።

በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ ቆሞ ነው የሚጠይቅ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢባልም «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። አባትየው ልጁን ለመስጠት ከወሰነ በመጨረሻ «በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» ይላል፤ ሽማግሌው ሲቀመጥ ቃል ታሰረ። ያልወሰነ አባት «ዘመድ ላማክር» ብሎ እንደቆሙ ይሸኛቸዋል። ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም።

ሐምሌ ነበር። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ምድጃ አጠገብ ድንች እልጣለሁ። ስልኩ ጮኸ። አባቴ ተነሥቶ ቁልፉን ተጫነው።

«ሀሎ? ማን ልበል?»

«እንደምን ዋሉ? ከወንዝ ማዶ ነን። ሽማግሌዎች ነን። የምናገረው ቄሱ ነኝ።»

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። «አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ። ለዛሬ ቀን ቆርጠን ተነሥተን ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለን። ቀን የተቆረጠለት ሽምግልና ደግሞ አይታጠፍም። ስለ ልጅዎ ነው የመጣን። በስልክም ቢሆን ደጅዎ ላይ እንደቆምን ይቁጠሩን። አሁንም ቆመን ነው ያለን።»

«ኧረ! የት ነው የቆማችሁ?»

«ወንዙ ዳር፣ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ። ያው ዝናቡ ይወርድብናል። ባንታይም ግን አንቀመጥም።»

ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ሲንፎለፎል ይሰማል። አንዱን ሽማግሌ አሳላቸው። አባቴ የሰው ከብት እንኳ ዝናብ ሲመታው የሚጨነቅ ሰው ነው። «በእግዚአብሔር!» አለ፣ «በዚህ ዶፍ ሽማግሌ ይቆማል እንዴ? ብርዱ ይጨርሳችኋል! ዛፍም አጥታችሁ ነው? ተቀመጡ እንጂ፣ ተጠለሉ!»

ወዲያ ማዶ ሹክሹክታ ተሰማ። ከዚያ ቄሱ «ተቀመጡ አሉን?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ ተቀመጡ እንጂ! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!»

«ተቀምጠናል። እግዜር ያክብርልን። እንግዲህ ልጅዎ ልጃችን ናት።» ከኋላቸው «ይባርክ! ይባርክ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ተቋረጠ።

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ምን አልካቸው አንተ?»

«ዝናብ መታቸዋ!»

«ምን አልካቸው?»

«ተቀመጡ አልኋቸው» አለ አባቴ፤ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ነው። ያለው ነገር የገባው ያን ጊዜ ነው።

«በል እንግዲህ» አለች እናቴ፣ «ልጅህን ሰጠሃት።»

መልሶ ደወለ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ወሬው በሁለቱም ማዶ ደረሰ። በሚቀጥለው ገበያ መሣቂያ ሆንሁ። «ልጅቱን በካርድ ዳሯት!» ይላል አንዱ። «ለአንድ ደቂቃ ወሬ ሚስት? ርካሽ ነው፤ ለእኔም ደውሉልኝ!» ይላል ሌላው። «ሚስኮል ቢያደርጉ ኖሮ እጮኛ ብቻ ትሆን ነበር!» እኔ አንገቴን ደፍቼ ክር አስር ነበር።

አባቴ ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎችን ጠርቶ አማከረ። ጠላ የምቀዳላቸው እኔ ነበርሁ።

አንደኛው «ይህ ሽምግልና አይባልም» አሉ። «ሽማግሌ በእግሩ ነው ሽማግሌ የሚሆን። እግሩ ያልረገጠው ደጅ ላይ ቃል የለም።»

«አንተ በል!» አሉ ሁለተኛው። «አምና ወይፈንህን በስልክ ስትሸጥ እግርህ የት ነበር? ገዥው ሲመጣ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ተገኝቶ ሳለ ‹በስልክ ብያለሁ፣ ቃሌ ነው› አላልህም?»

«ወይፈን ሌላ።»

«እሺ ወይፈኑ ሌላ ይሁን። የእኅትህን መርዶ በስልክ አይዶል የሰማኸው? ጋቢህን አዘቅዝቀህ አልቅሰሃል። በስልክ የተነገረ ሞት ሞት ከሆነ፣ በስልክ የተባለ ቃል ለምን ቃል አይሆንም?»

አባቴ ራሱን ይዞ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ወይፈኑ ተነሣ፣ መርዶው ተነሣ፣ እኔ ግን አልተነሣሁም። ጠላውን እየተቀበሉኝ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።

ሲሄዱ «አባየ፣ እኔ አልፈልግም» አልሁ።

«ምን?»

መድገም አቃተኝ። እናቴ «አልፈልግም አለች» አለችልኝ።

«እኔስ ፈልጌ ነው?» አለ አባቴ። «ግን ማን ይንገራቸው? ‹ዝናብ አሳዝኖኝ ነው› ልበል? አገር ይስቅብኝ? አንች ትነግሪያቸዋለሽ? ጎረቤት እንደምን ዋልሽ ሲልሽ የምትሸሺው!»

በክፋት አልተናገረውም። እንደ እውነት ነው የተናገረው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። በማግሥቱ ከቤታችን በላይ ወዳለው አውድማ ወጣሁ፤ እዚያ ኔትወርክ አለ፣ ሰው ደግሞ የለም። ፊቴን ወደ ድንጋይ ካቡ አዞርሁና ከቤቱ ስልክ በቀዳሁት ቁጥር በራሴ ስልክ ለቄሱ ደወልሁ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ማን ነሽ ልጄ?»

«ያጫችኋት ልጅ ነኝ።»

ሳል ቢጤ ሰማሁ። «ልጅቱ? ራሷ?»

«ራሷ። አልፈልግም። እባክዎ ለላኩዎ ይንገሩልኝ።»

«ኧረ ልጄ! ይህ በስልክ የሚባል ነገር ነው? በስልክ የሚባል ‹አልፈልግም› አይቆጠርም!»

«እንግዲያው በስልክ የተባለው ተቀመጡም አይቆጠርም፣ አባ።»

«አፍ አለሽ» አሉኝ ቄሱ። «በአካል ብትሆኝ ይህን ትይኝ ነበር?»

«አልልዎትም። እርስዎስ በአካል ቢመጡ አባቴ ተቀመጡ ይልዎት ነበር?»

«መስከረም ይጥባ፣ ወንዙ ይጉደል» አሉ ቄሱ፣ ድምፃቸው ጠጠር ብሎ፤ «እንመጣለን። ያኔ ፊት ለፊት ትነግሪናለሽ። ፊት ካለሽ!» ዘጉት።

ለእናቴ ብቻ ነገርኋት። እሷም ራሴን ዳበስ አድርጋኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

መስቀል አልፎ መጡ። ቄሱ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የልጁ አባት። እኔ ምድጃ ኋላ ነበርሁ። ደጅ ላይ ይቆማሉ፣ ነገሩም እንደ አዲስ ይጀመራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልቆሙም። ሰላምታ ሰጥተው ገቡና ማንም ሳይላቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ቀድሞ ተቀምጠናል፣ የሐምሌው መቀመጫችን ነው» አሉ የልጁ አባት፣ ሣቁም። አባቴ በገዛ ቤቱ ቆሞ ቀረ።

ቄሱ «ልጅቱ ትቅረብ» አሉ። «የምትለው እንዳላት ሰምቻለሁ። እስቲ ትበለው።»

አባቴ ደንግጦ ዞሮ አየኝ። ወጣሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ፊታቸው ቆምሁ። ሁሉም አዩኝ። ክረምቱን ሙሉ ያጠናሁት ቃል ነበረኝ። መሬቱን አየሁ፣ የቄሱን ጫማ አየሁ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ነው። አንዲት ቃል አልወጣችም።

የልጁ አባት «ይህችማ ጨዋ ልጅ ናት!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ዝምታ እሺታ ነው።»

እዚያች ላይ ነው እልሁ የመጣው። እሺታ አልነበረም! ዝም ማለቴ የእኔ ነው፤ ማን ነው በእኔ ዝምታ ውስጥ ገብቶ እሺ የሚልልኝ? ዞሬ በጓሮ በር ወጣሁ። ከኋላዬ «አፈረች፣ አፈረች» ሲባል ይሰማኛል። እየሮጥሁ አውድማው ላይ ወጣሁና ፊቴን ወደ ካቡ አዞርሁ። የቤታችንን ስልክ ደወልሁ።

ኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ስልኩ ምስማሩ ላይ ሲጮኽ አባቴ «ተይው፣ እንግዳ አለ» ብሏት ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የእኔን ቁጥር ግን በመልኩ ታውቀዋለች። ተነሥታ ተጫነችው።

«እናንተ ሽማግሌዎች» አልሁ፣ «ይሰማል?»

«ይሰማል» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ። ፊታችሁ ቆሜ መናገር አቃተኝ፤ ዓይን አፋር ነኝ። ዝም ያልሁት እሺ ብዬ አይዶለም። አላገባም። ልጃችሁ ክፉ ሆኖ አይዶለም፤ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው፤ ሥራዬንም ስልኬንም ለማንም ብዬ አልጥልም። አባቴ በሐምሌ ተቀመጡ ያላችሁ ዝናብ ስለመታችሁ ነው። ዛሬ ዝናብ የለም። እሱ እንዲህ ብሎ ለመናገር ስለሚያፍር እኔ ልንገራችሁ። በስልክ ተቀምጣችኋል፣ በስልክ ተነሡ ብያለሁ። እባካችሁ ተነሡልኝ።»

ነፋሱ ከጉና ይነፍሳል፤ ስልኩን የያዘው እጄ ደንዝዟል። ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ዓይን አፋር ናት ብላችሁን አልነበረም?» የሚል የልጁ አባት ጩኸት ተሰማ።

«ነኝ!» አልሁ።

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሣቀ፤ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። «ሴት ልጅ ሽማግሌ ስታስነሣ? የት አገር ነው ያለነው?» አሉ የልጁ አባት። «ስልክ አመጣንላችሁ ተባለ፤ ይኸው ያመጡልን!»

«ሽማግሌ በስልክ ከመጣ መልሱም በስልክ ይሰጠዋል» አልሁ። «ወንዙን ቆማችሁ ብትጠብቁት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

ከዚያ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። ሰዓቱ ይቆጥራል። በመጨረሻ በትር መሬቱን ሲመታ ሰማሁ። ቄሱ ናቸው የተነሡት። «ተነሡ» አሉ ለሌሎቹ። «ቃል ያልያዘ መቀመጫ ምን ያደርግልናል? እኔም በሐምሌ ልቤ ያውቀው ነበር፤ ብርዱ አስቸኮለኝ።»

የልጁ አባት አሁንም ያጉረመርማሉ። ከእሳቸው ድምፅ በላይ የአባቴን እግር ወደ መቃኑ ሲቀርብ ሰማሁት። አወቅሁት፤ ጫማው ይጎተታል። ባርኔጣውን ማውለቁን አላየሁም፤ እናቴ ግን አውልቆ ነበር ትላለች።

«ልጄ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። በስልክ ከእኔ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም ነበር፤ ምን ያናግረናል፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን። «ተነሥተዋል። በይ ነይ፣ ግቢ። ብርድ ነው።»

«ከአጥሩ ሲወጡ እገባለሁ» አልሁት።

«እኮ እየወጡ ነው።»

«አያለሁ፣ አባየ። እስኪወጡ እዚሁ ነኝ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ቆምሁ፤ እሱም አልዘጋውም። አራቱ ሰዎች አንድ በአንድ ከአጥራችን ወጡ። ቄሱ ወደ አውድማው ቀና ብለው አዩኝና በትራቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ። እኔም ፊቴን አላዞርሁም።